ነጭ ነው ቢጫ?

«አራት ፎቅ! በዚህ ጉልበቴ አራት ፎቅ አስወጥተኸኝ አንተ ተመቻችተህ ሻይ ትጠጣለህ? ምን ዓይነት ሰው ነህ በናትህ!»

ይቺ አክስቴ ናት። ሃያ ሰባት ዓመት ባህር ኃይል ውስጥ ከመርከብ ሞተር በላይ ስትጮህ ስለኖረች፣ ጡረታ ወጥታም «ጨው አቀብይኝ» ስትል ጎረቤት ጨው ይዞ ይመጣል። ከኋላዋ እኔና ዳቦ ጋጋሪው ቃሬዛ ተሸክመን ደረጃው ላይ እናለከልካለን። ዳቦ ጋጋሪው ሊጡን ጥሎ የመጣ ሰው ነው፤ እስከ ክርኑ ዱቄት ነው።

ቃሬዛው የመጣው ለጋሼ መርፌ ነበር። ጋሼ መርፌ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው። አርባ ዓመት መርፌ በከንፈራቸው ይዘው ስለሰሩ ዛሬም አፋቸውን ከፍተው አያወሩም፤ ቃሉ በጥርሳቸው መሃል እየተሹለከለከ ነው የሚወጣው። እና እሳቸው አልሞቱም፣ አልወደቁም፣ ትኩሳት እንኳን የላቸውም። መስኮቱ ስር ተቀምጠው፣ የዳማ ጠጠራቸውን ደርድረው፣ ስኳር እያማሰሉ ነው።

«ኮማንደር፣ መጀመሪያ ተንፍሺ» አሏት። «ከዚያ ትሰድቢኛለሽ። ምን ያስቸኩልሻል?»

«ቢጫ ሰቅለህ ተንፍሺ ትለኛለህ?»

«ነጭ ነው የሰቀልኩት።»

«ቢጫ ነው!»

«አንቺ ሴትዮ፣ ጨርቅ እኮ ነው ሥራዬ! ነጩን ከቢጫ ባልለይ ይሄኔ የዚህ ሰፈር ሙሽራ ሁሉ ቢጫ ለብሳ ተድራ ነበር።»

ዳቦ ጋጋሪው ሳቁን ሊይዝ ሲል የቃሬዛውን ጫፍ እግሬ ላይ ለቀቀው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ አስራ አራት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች አሉ። እያንዳንዳቸው ቤት ሶስት ጨርቅ አለ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሲሆን አንዱን መስኮታቸው ላይ በመቆንጠጫ ይሰቅላሉ። ነጭ ማለት «ደህና አድሬያለሁ» ነው። ሰማያዊ «ዳቦ ወይ መድኃኒት አምጡልኝ»። ቢጫ «ቶሎ ሰው ይምጣልኝ»። አክስቴ የቤታችን ጣራ ላይ ወጥታ፣ ስትሰናበት ጓደኞቿ በሰጧት አቅራቢ መነጽር አስራ አራቱንም መስኮት ትቃኛለች። ሁሉም ነጭ ከሆነ ሜጋፎኗን አንስታ «ሁሉም ደህና!» ትላለች። ከየመስኮቱ ጭብጨባ ይሰማል። ሳያጨበጭብ ቁርስ የሚበላ የለም።

ብዙ ሰው «ስልክ እያለ ምን ጨርቅ አስሰቀለሽ?» ይላታል። መልሷን በቃሌ ነው የማውቀው፤ አገጯን ቀና ታደርግና፣ «ስልክ ስትደውይላቸው ሁሉም ‹ደህና ነኝ› ነው የሚሉሽ። ታመምኩ ማለት ያፍራሉ። ጨርቅ አያፍርም!»

ይሄን የጀመረችው ከመርከብ በወረደች በሁለተኛው ወር ነው። ያኔ የማይወዛወዝ አልጋ ላይ መተኛት አቅቷት ሶፋውን በገመድ ልታንጠለጥል ነበር፤ እናቴ ናት የከለከለቻት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የግድግዳው ቧንቧ ቆ ቆ ቆ ይላል። ቤቱ ሁሉ «አየር ገብቶበት ነው» አለ። አክስቴ ግን ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ፣ «አየር አርፎ አይመታም፤ ይሄ ሰው ነው» አለች። በቃ፣ በሩን በትከሻዋ። ጎረቤታችን አሮጊቷ አስተማሪ ሻወር ቤት ወድቀው፣ ከጠዋት ጀምሮ በነጠላ ጫማቸው ቧንቧውን ሲመቱ ነው የዋሉት። አፈፍ አድርጋ ስታነሳቸው ያሉት የመጀመሪያ ነገር «የገባሽው ጫማሽን ጠርገሽ ነው?» ነው። እስከ ዛሬ ነጭ ጨርቃቸውን በሰዓቱ ከሚሰቅሉት አንደኛ ናቸው።

«ባህር ላይ ሰው ሲወድቅ ፊሽካ ይነፋል፣ መርከብ ይቆማል» ትላለች አክስቴ። «መሬት ላይ ሰው ሲወድቅ ማን ያቆማል?»

ከዚያ ወዲህ አቁማ አታውቅም። ሐሙስ ሐሙስ የአስራ አራት ሰው የእግር ጥፍር ትቆርጣለች፤ ሃያ ስምንት እግር፣ ጎንበስ ብሎ መድረስ ላቃታቸው። እላይ ፎቅ ላሉት ደግሞ እንደ መርከብ ዕቃ ማንሻ በገመድና በመዘውር ቅርጫት ሰርታላቸዋለች። ዳቦ ጋጋሪው ታች ሆኖ ዳቦውን ይጭናል፣ እነሱ ላይ ሆነው ይስባሉ። አንዴ የጎረቤት ድመት ተሳፍራ ሶስተኛ ፎቅ ደርሳለች።

ጨርቆቹን ደግሞ የሰፉት ማን መሰላችሁ? ጋሼ መርፌ። ሁለቱ ከልጅነታቸው አንድ ሰፈር ናቸው። በአስራ ዘጠኝ ዓመቷ ባህር ኃይል ስትቀጠር የተሰጣት ሱሪ የወንድ፣ ያውም የረጅም ወንድ ነበር። ያኔ ልብስ ሰፊ ቤት ይለማመዱ የነበሩት ጋሼ መርፌ ናቸው ያሳጠሩላት። «ከአንዱ እግር ከተረፈው ብቻ ለኔ ካናቴራ ወጥቷል» ይላሉ። እሷም በዚያ ሱሪ መጀመሪያ የተቀመጠችው ጽሕፈት ክፍል ነው፤ ሴት መርከብ ላይ ምን ትሰራለች ተብሎ። እሷ ግን መርከቦች የሚነጋገሩባቸውን የባንዲራ ምልክቶች ሪፖርት ስትተይብ ስትተይብ በልቧ ያዘቻቸው። አንድ ቀን የምልክት ሠራተኛው ታሞ ቀረ። ከሩቅ መርከብ የተሰቀለውን ማንም ማንበብ ሲያቅተው በመስኮት አይታ፣ የጽሕፈት መኪናዋን ሳትለቅ «ውሃ አልቆባቸዋል» አለች። በሳምንቱ መርከብ ላይ ነበረች። ለአርባ ቀን ባልዲ አቅፋ ስታስመልስ ነው የከረመችው፤ ግን በዓይኗ ማንም አልደረሰባትም።

በዓይኗ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ከሰባት ወር በፊት ሐኪሙ «የዓይን ሞራ ነው፣ በቀላሉ ይወጣል» ብሎ ቀጠሮ የጻፈላትን ወረቀት ቀሚስ ሳጥኗ ውስጥ ከካልሲ ስር አግኝቼዋለሁ። ካልሲ ልሰርቅ ነበር የገባሁት። ሞራ ነጩን ነገር ያደበዝዝና ቢጫ ያስመስላል። እሷ ደግሞ ዓይኗን መታከሙን አይደለም የምትፈራው፤ ከጣራው መውረዱን ነው። «አንድ አለቃ ነበረን» ብላኛለች አንዴ ጥፍር ስትሞርድልኝ፣ «ዓይኑ ደከመ ተብሎ ለሁለት ሳምንት ወረደ። በማግስቱ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ነበረ። ሲመለስ እንግዳ ብለው ሻይ ጋበዙት።» ጣራው ከተወሰደባት ምን እንደምትሆን አላውቅም። እሷም የምታውቅ አይመስለኝም።

እንግዲህ ወደ አራተኛው ፎቅ እንመለስ፤ አሁንም እየተጨቃጨቁ ነው።

«በዚህ ሳምንት ሶስተኛ ጊዜ ነው» አለች አክስቴ። «ሆን ብለህ ነው። ዳማ ተጫዋች ሲጠፋ ቢጫ ትሰቅላለህ።»

«ነጭ ሰቅዬ ካልመጣሽ፣ ሰማያዊ ሰቅዬ ዳቦ በቅርጫት ከላክሽልኝ፣ ምን ላድርግ? ለማንኛውም ግን ነጭ ነው።»

እውነት ለመናገር ጋሼ መርፌ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ስምንት ወር ሙሉ ከዚያ ክፍል ወርደው አያውቁም። አክስቴ ያልሞከረችው የለም። ለምናለች፣ ቆጥታለች፣ ውረዱ የሚል ትእዛዝ ጽፋ በቅርጫት ልካለች። ቅርጫቱ ባዶውን ተመለሰ።

አሁን ዓይኗ በራ። «እንወራረድ» አለች።

«በምን?»

«ጨርቁ ቢጫ ከሆነ አራቱን ፎቅ በእግርህ ትወርዳለህ። እየዞርክም አስራ ሶስቱን ጎረቤት ሰላም ትላለህ።»

ጋሼ መርፌ ሻያቸውን አስቀመጡ። «ነጭ ከሆነ አንቺ ሐኪም ጋ ትሄጃለሽ። በሜጋፎኑም ‹ተሳስቻለሁ› ትያለሽ። ሰፈሩ እንዲሰማ።»

ዳቦ ጋጋሪው አፉን ያዘ። «ተሳስቻለሁ» የሚለውን ቃል ከአክስቴ አፍ የሰማ ሰው በሕይወት የለም።

«እሺ!» አለች።

«ማን ይፍረድ?»

ሁለቱም ወደኛ ዞሩ። ዳቦ ጋጋሪው «ኧረ እኔ ሊጤ ላይ ነኝ» ብሎ ደረጃውን በሁለት በሁለት ወረደው። እኔ ደግሞ የምተኛው አክስቴ ቤት ነው፤ ብፈርድባት ሶፋዬ ገመድ ይገባለታል። በመጨረሻ እማማ አዋላጅ ይፍረዱ ተባለ። እማማ አዋላጅ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። የሰፈሩን ግማሽ ያዋለዱት እሳቸው ናቸው፤ ጎረምሳ ሲያጠፋ «ተው፣ እኔ መጀመሪያ ያየሁህ በእግርህ ተዘቅዝቀህ ነው» ይሉታል። እሳቸው ካሉ አለቀ። ጋሼ መርፌ ጨርቆቹ ከተሰፉበት ጣቃ ለነገ ምትክ ነጭ ቀደዱ፤ አክስቴም የተሰቀለውን ከመስኮቱ አውርዳ ከረጢት ውስጥ ከተተችው። አፉን በመርከበኛ ቋጠሮ አሰረችውና በዚያው ከሰዓት ወስጄ ሰጠኋቸው።

እማማ አዋላጅ ቋጠሮውን ሊፈቱ ሞከሩ፤ እምቢ አላቸው። ተነስተው መቀስ አመጡና እትብት እንደሚቆረጥ ቀጭ አደረጉት። «ነገ በቀን ብርሃን አየዋለሁ» አሉኝ። «በይ ሂጂ፣ ፀጉርሽንም ተበጠሪ።» ፀጉር ቤት ነው የምሰራው፤ አላረካኋቸውም።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እኔም ጣራው ላይ ነበርኩ። አክስቴ መነጽሯን አነሳች። አየኋት፤ እማማ አዋላጅ መስኮት ላይ ስትደርስ ቆመች። ዝቅ አደረገችው፣ መነጽሩን በቀሚሷ ጠረገች፣ እንደገና አነሳች። በኋላ እንደነገረችኝ በልቧ እንዲህ አለች፤ «ቢጫ ይመስላል። ትናንትም ቢጫ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ደግሞ እማማን በቃሬዛ ላስነሳና መሳቂያ ልሁን? ነጭ ነው።» እና ሜጋፎኑን አንስታ «ሁሉም ደህና!» አለች።

ጭብጨባው ጀመረ። ግን በመሃሉ አንድ ሌላ ድምፅ መጣ።

«ቢጫ! ቢጫ! ምን ደህና ትላለች ይቺ ሴትዮ፣ ቢጫ ነው!»

ጎንበስ ብለን ብናይ ጋሼ መርፌ ናቸው። መንገድ ላይ! ከመስኮታቸው የእማማን ጨርቅ አይተው፣ ስምንት ወር ያልወረዱበትን ደረጃ ወርደው፣ በአንድ እግራቸው ጫማ በሌላው ካልሲ፣ ሜትራቸው አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ ይሮጣሉ። አፋቸውን ከፍተው ሲጮሁ ያየሁት ያን ቀን ነው። ጥርሳቸው ሙሉ ነው ለካ!

አክስቴ ደረጃውን እንዴት እንደወረደች አላውቅም። እኔ ስደርስ ሁለቱም የእማማን በር እየገፉ ነበር። ወጥ ቤቱ በእንፋሎት ተሞልቷል። ምድጃው ላይ ትልቅ ድስት ይንተከተካል፣ ወለሉ ውሃ ነው፣ እማማ አዋላጅ ጀርባቸውን ለቁምሳጥኑ ሰጥተው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ተንሸራትተው ቁርጭምጭሚታቸው ዞሯል። እየዳሁ መስኮቱ ጋ ደርሰው ቢጫውን ሰቅለው ተመልሰዋል።

«‹ሁሉም ደህና› ስትይ ሰማሁሽ» አሏት አክስቴን። «እኔ ከሰው አልቆጠርም እንዴ ብዬ ነበር።»

የአክስቴ ያ ሁሉ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ። እርጥቡ ወለል ላይ ተንበርክካ እግራቸውን ያዘች። «እማማ፣ ዓይኔ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ሰባት ወር ደብቄዋለሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

እማማ አዋላጅ ጭንቅላቷን ዳበሷት። «አንቺ ስትወለጂም በስተመጨረሻው ነው ያለቀስሽው» አሏት። «በይ አንሺኝ፣ ቂጤ ረጠበ።»

ቁርጭምጭሚቱ ወለም ብሎ ነው እንጂ አልተሰበረም። በሶስተኛው ቀን በምርኩዝ እየተራመዱ የታክሲ ነጂ ሲቆጡ ሰምቻቸዋለሁ። አክስቴ ግን ያን ዕለት ጠዋት ቤት ገብታ ወረቀቱን ከካልሲ ስር አወጣች። መነጽሯን ከአንገቷ አውልቃ ጋሼ መርፌ እጅ ላይ አስቀመጠችው። አስረክባ ስትጨርስ እጇን ምን ላይ እንደምታሳርፍ ጠፋት።

«ለሁለት ቀን ነው» አሏት ጋሼ መርፌ።

«አውቃለሁ።»

«ወንበርሽ ላይ አልቀመጥም። ቆሜ ነው የማየው።»

«ተቀመጥ ባክህ፣ ጉልበት እንዳለህ!»

ክሊኒኩ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው፤ በዚያው ቀን ገብታ አንዱ ዓይኗ ተሰራ። በማግስቱ ጋሼ መርፌ ጣራው ላይ ወጥተው ቆጠሩ፤ አስራ አራት ነጭ። ሜጋፎኑን ይዘው «ሁሉም ደህና» አሉ፤ ቃሉ ግን ከጥርሳቸው አልወጣም፣ ያጨበጨበም የለም። ሰዎቹ ግራ ተጋብተው አንገታቸውን በየመስኮቱ ሲያወጡ እኔ ተቀበልኳቸውና በአክስቴ ድምፅ፣ አገጬን ወደ ላይ አድርጌ «ሁሉም ደህና!» አልኩት። ሰፈሩ በጭብጨባ ቀለጠ። አክስቴ አንድ ዓይኗ ታሽጎ አልጋ ላይ ሆና የራሷን ድምፅ በመስኮት ሰማች። ነርሷ እንደነገረችኝ «እኔ እዚህ ነኝ፣ እዚያ የምጮኸው ማናት?» ብላ ተነስታ ቁጭ አለች።

ፋሻው ሲነሳ ሁላችንም ነበርን። መጀመሪያ አንሶላውን አየች። ከዚያ የነርሷን ጋውን፣ ከዚያ ግድግዳውን። «ይሄ ሁሉ ነጭ የት ነበር?» አለች። ከዚያ ዞር ብላ ጋሼ መርፌን አየችና «አንተ! ፀጉርህ መቼ ሸበተ?»

«አስር ዓመት ሆነው፣ ኮማንደር።»

«ውሸት! ወርቃማ ነበር።»

ሳቅን፣ ሳቅን፣ ነርሷ አስወጣችን። መንገድ ላይ ስንመለስ እኔ ከኋላ ነኝ፤ እሷና ጋሼ መርፌ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። እና እንዲህ ስትል ሰማኋት፤ «መርከብ ላይ ብቻውን የሚጠብቅ ሰው የለም። በፈረቃ ነው። ይሄን ሃያ ሰባት ዓመት ሳስተምር ኖሬ ጣራዬ ላይ ስወጣ ረሳሁት። አንድ ቀን አንተ፣ አንድ ቀን እኔ። ትችላለህ?»

«አራት ፎቁን መውረድ ነው የከበደኝ እንጂ ያንቺ ጣራ ሶስት ነው» አሉ ጋሼ መርፌ። ቀጥለውም፣ «ግን ውርርዳችን አልተረሳም አይደል?»

አልተረሳም። በቀጥታ እማማ አዋላጅ ቤት ገባን።

«እማማ፣ ጨርቁ ነጭ ነበር ቢጫ?»

እማማ አዋላጅ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሱ። መሳቢያ ከፈቱና አጥፈው ያስቀመጡትን ጨርቅ አወጡ። ዓይን የሚወጋ ነጭ ነው። ጋሼ መርፌ ዘለሉ። «አላልኩም? አላልኩም?»

አክስቴ ግን አንስታ አሸተተችው። «እማማ... ይሄ በረኪና በረኪና ይሸታል።»

«ቀቀልኩት እንጂ» አሉ እማማ። «ያልተቀቀለ ጨርቅ በእጄ ይዤ የማውቅ ይመስላችኋል? ሰማንያ አራት ዓመቴ ነው! ያን ቀን ጠዋት እኮ እሱን ከድስት ላወጣ ስል ነው የተንሸራተትኩት።»

ከዚያ ሁለቱም እኩል ጀመሩ።

«ሳይቀቀል ቢጫ ነበር!»

«በሞራ ዓይንሽ ነዋ ያየሽው!»

«አራት ወር ያልታጠበ ጨርቅ ሞራ የሌለበትም ሰው ቢጫ ያየዋል!»

«ለእማማ ይቅርታ ብለሻል፣ ሐኪምም ጋ ሄደሻል፣ ለኔ ግን ‹ተሳስቻለሁ› አላልሽም!»

«ስሳሳት እላለሁ! አንተስ? የወረድከው ተሸንፈህ ነው?»

«እኔ የወረድኩት ለእማማ ነው!»

በመጨረሻ እንደገና ተወራረዱ። ጋሼ መርፌ ከዚያው ጣቃ አዲስ ጨርቅ ቀደዱ። መስኮታቸው ላይ አራት ወር ይሰቀላል፤ ማንም አያጥበው፣ በተለይ እማማ። በአራተኛው ወር አክስቴ ሁለተኛው ዓይኗም ተሰርቶ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ከጣራው ያዩታል። ነጭ ከሆነ እሷ በሜጋፎን «ተሳስቻለሁ» ትላለች። ቢጫ ከሆነ እሳቸው «ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ነጭ ከቢጫ አለይም» ይላሉ። ደህና ማደራቸውን እስከዚያ በሌላ ነጭ ይናገራሉ።

ይሄ ከሆነ ዛሬ አስራ አንደኛ ቀኑ ነው። ጠዋት ፈረቃው የአክስቴ ነበር፣ ጋሼ መርፌ ግን ተራቸው ባይሆንም ቀድመው ወጥተው ወንበር ይዘዋል። አስራ አራቱም ነጭ ሰቅለው፣ ተጨብጭቦ፣ ሻይ ልቀዳ ስል ደመናው ጠቆረና አንድ ጠብታ አፍንጫዬ ላይ አረፈ።

ሁለቱም ተነሱ።

«ዝናብ ማጠብ ነው!» አለች አክስቴ። «አይቆጠርም!»

«ዝናብ ከሰማይ ነው፣ ማን አጠበው?» አሉና ጋሼ መርፌ በሰያፍ እያዩ ወደ ደረጃው ተንቀሳቀሱ። «ለማንኛውም ጃንጥላ ላድርግለት።»

«ጃንጥላማ ማጭበርበር ነው! ቁም! አንተ ሰውዬ፣ ቁም ብዬሃለሁ!»

ሜጋፎኑ ላይ ነበር የጮኸችው። ከአስራ ሁለት መስኮት አስራ ሁለት ሰው አንገቱን አወጣ። እማማ አዋላጅ ከታች በረንዳቸው ላይ ሆነው፣ ድስታቸውን እንደያዙ፣ ወደ ሰማይ ያያሉ።